ጀርባው አረንጓዴ የሚባለው ዓሣ፦ የኮሎራዶን ትራውት በምን እንለየዋለን?

ልጆቻችሁ እዚህ ዴንቨር ወይም ኦሮራ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ከሆነ የኮሎራዶን መለያዎች አንድ ቀን ሳይነግሯችሁ አልቀሩም። አበባዋ ኮሎምባይን ነው። ወፏ ላርክ በንቲንግ ናት። እንስሳዋ ያ ቀንዱ የተጠማዘዘው የተራራ በግ ነው። ዓሣዋስ? እስቲ ዛሬ ማታ እራት ላይ ጠይቋቸው። ካወቁ ጎበዝ በሏቸው፤ ካላወቁም ችግር የለም፣ ይህችን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቧት።

የኮሎራዶ ዓሣ "ግሪንባክ ከትስሮት ትራውት" ይባላል። ስቴቱ በይፋ መለያው ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ሲጠሩት ይረዝማል እንጂ ከፋፍለው ሲያዩት ቀላል ነው። "ግሪንባክ" ማለት ጀርባው አረንጓዴ ማለት ነው። "ከትስሮት" ደግሞ ጉሮሮው የተቆረጠ እንደ ማለት ነው። ያስፈራል አይደል? ግን ማንም አልቆረጠውም፤ ከአገጩ ሥር ባሉት ሁለት ቀይ መስመሮች የተነሳ የወጣለት ስም ነው። "ትራውት" የሚለው የቤተሰብ ስሙ ነው፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ የሚወዱ፣ ሥጋ በል የሆኑ ዓሦች ወገን ነው።

ይህ ዓሣ ጉደኛ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ጠፋ ተባለ። ቀጥሎ ተገኘ ተባለ። ከዚያ ደግሞ "የተገኘው እኮ እሱ አይደለም" ተባለ። ይህ ሁሉ የመጣው ዓሣውን በመልኩ ብቻ መለየት ከባድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ መልኩን እናውቃለን፣ ቤቱንም እናውቃለን፣ ከዚያም መልክ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ እናያለን።

መልኩ ምን ይመስላል?

ስሙ ጀርባው አረንጓዴ ነው ቢልም ብዙውን ጊዜ ጀርባው ወይራማ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። ስለዚህ አረንጓዴ ጀርባ ስትፈልጉ ዓሣው በእጃችሁ ውስጥ እያለ እንዳያመልጣችሁ! ይልቅ እነዚህን አራት ምልክቶች ተመልከቱ።

አንደኛ፣ አገጩን እዩ። ከታችኛው መንጋጋ ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ መስመር አለ። የከትስሮት ወገን ሁሉ መታወቂያ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ነጠብጣቡን እዩ። ጥቁር፣ ክብና ትልልቅ ነው። ከራሱ በኩል ጥቂት ነው፤ ወደ ጅራቱ በኩል እየበዛ ይሄዳል። አንድ ሰው ቀለም በብሩሽ እየረጨ ወደ ጅራት ሲደርስ እጁ የበረታ ይመስላል። መጻሕፍት እንደሚሉት ከከትስሮት ዘመዶቹ መካከል ትልልቅ ነጠብጣብ ያለው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ቅርፊቱን እዩ። በጣም ትንንሽና ብዙ ነው። በጎኑ ከስንጥቡ (ዓሣ የሚተነፍስበት ማለት ነው) እስከ ጅራቱ ቅርፊቱን ብትቆጥሩ ከሌሎች ትራውቶች ይበልጣል። ይህን መቁጠር የባለሙያ ሥራ ነው፤ ዓሣውን ይዛችሁ አትቁጠሩ፣ እሱም ትንፋሽ ያጥረዋል።

አራተኛ፣ ወቅቱን እዩ። እንቁላል በሚጣልበት ጊዜ የወንዱ ሆድና ጎን ደማቅ ቀይ ይሆናል። ሠርግ እንዳለበት ሰው ይዋባል። ወቅቱ ሲያልፍ ቀለሙም ይደበዝዛል።

በቁመቱ ትልቅ ዓሣ አይደለም። በተራራ ጅረት ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ኢንች፣ ማለትም ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። በጠባብና በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ምግብ ስለሚያንስ ዕድገቱም ቀስ ያለ ነው።

ከጎረቤቶቹ በምን ይለያል?

በኮሎራዶ ወንዞች ውስጥ በብዛት የምታገኟቸው ሌሎች ሦስት ዓሦች አሉ። ሦስቱም የአካባቢው ተወላጆች አይደሉም።

ሬይንቦ ትራውት የመጣው ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ወንዞች ነው። በጎኑ ላይ ከራስ እስከ ጅራት ሮዝ መቀነት የመሰለ ሰፊ መስመር አለው። ነጠብጣቡ ጥቃቅን ነው፤ ጅራቱን ጨምሮ ሰውነቱ ላይ በሙሉ ተበትኗል። አገጩ ሥር ቀይ መስመር የለውም። በዴንቨርና በኦሮራ ፓርኮች ባሉ ኩሬዎች ውስጥ የሚለቀቀው በአብዛኛው ይህ ነው።

ብራውን ትራውት የአውሮፓ ዓሣ ነው። ሰውነቱ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ጥቁርና ቀይ ነጠብጣብ አለው፤ አንዳንዱ ነጠብጣብ ዙሪያውን በፈዛዛ ቀለበት የተከበበ ነው።

ብሩክ ትራውት ከአሜሪካ ምሥራቅ የመጣ ነው። ይህኛው ለመለየት ቀላል ነው፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና። ሌሎቹ ፈካ ባለ ሰውነት ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲኖራቸው እሱ በጠቆረ ሰውነት ላይ ፈካ ያለ ነጠብጣብ አለው። ጀርባው ላይ ትል የተሳበ የሚመስል ጥምዝምዝ መስመር አለ። የታችኞቹ ክንፎቹ ጫፍ ደግሞ ነጭ ጥለት እንዳለው ነጠላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ዓይን ይበቃል። ትንሽ የተለማመደ የአሥር ዓመት ልጅ እንኳ ሊለያቸው ይችላል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ግሪንባክ የቅርብ ዘመዶች አሉት። በተራሮቹ ምዕራባዊ ጎን፣ በኮሎራዶ ወንዝ ገባሮች ውስጥ የሚኖረው የኮሎራዶ ወንዝ ከትስሮት አንዱ ነው። ሁለቱም አገጫቸው ቀይ ነው፤ የሁለቱም ነጠብጣብ ወደ ጅራት ይበዛል። ጎን ለጎን ቢቀመጡ ባለሙያ እንኳ በዓይኑ ብቻ ሊምል አይችልም። ይህን ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቤቱ የት ነው?

ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ ኮንፍሉዌንስ ፓርክን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቼሪ ክሪክ ከሳውዝ ፕላት ወንዝ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ያ ሳውዝ ፕላት ከተራሮቹ ላይ ነው የሚመጣው። የግሪንባክ የትውልድ ቤት የዚህ ወንዝ ተፋሰስ ነው፤ በተለይም ከላይ ያሉት ቀዝቃዛ ጅረቶችና ሐይቆች። ዴንቨርም ኦሮራም ከሚጠጡት ውኃ ከፊሉን የሚያገኙት ከዚሁ ተፋሰስ ነው። እንግዲህ ቡና ስታፈሉ ጀበናው ውስጥ የምትጨምሩት ውኃ የዚህ ዓሣ አገር ውኃ ነው ብትሉ ማጋነን አይሆንም።

ዓሣው የሚፈልገው ነገር ብዙ አይደለም፤ ግን ከጎደለበት አይኖርም። ውኃው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከተጠጋ ይጨነቃል። ውኃው የሚፈስና አየር ያለበት መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛልና። ከታች ንጹሕ ጠጠር ያስፈልገዋል። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ እንደ ከፍታው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ፣ ሴቷ በጅራቷ ጠጠሩን ቆፍራ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ መልሳም ትሸፍነዋለች። በጠጠሩ መካከል ውኃ እየዞረ እንቁላሉን ያስተነፍሰዋል። ጭቃና ደለል መጥቶ ጠጠሩን ከደፈነው ግን እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።

ምግቡ በአብዛኛው ነፍሳት ናቸው፤ ውኃ ውስጥ የሚያድጉ እጮችና ከሣር ላይ ተንሸራተው የሚወድቁ ፌንጣና ጉንዳን የመሳሰሉ። ዳር ላይ ያለ ቁጥቋጦ ለእሱ ጥላም ጓዳም ነው።

ጠፋ፣ ተገኘ፣ "እሱ አይደለም"

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወርቅ ፈላጊዎች ወደ ኮሎራዶ ጎረፉ። የማዕድን ቁፋሮው ወንዞቹን አደፈረሰ፣ መረዘም። ዓሣው ያለ ገደብ እየተጠመደ ለገበያ ቀረበ። ውኃውም ለእርሻና ለከተማ ተጠለፈ። ዓሣ ሲያልቅ ደግሞ ሰዎች መፍትሔ ያሉትን አደረጉ፤ ከሌላ ቦታ ዓሣ እያመጡ መልቀቅ። ከ1885 እስከ 1953 ባለው ጊዜ ውስጥ ከ750 ሚሊዮን በላይ ብሩክ፣ ሬይንቦና ከትስሮት ትራውት በኮሎራዶ ወንዞችና ሐይቆች ውስጥ ተለቋል።

እንግዶቹ ለግሪንባክ አልተመቹትም። ብሩክ ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው በመጸው ስለሆነ ጫጩቶቹ ቀድመው ይፈለፈላሉ። የግሪንባክ ጫጩቶች ሲወጡ እነዚያ አድገው ምግቡን ይዘውታል። ሬይንቦ ደግሞ ከከትስሮት ጋር ይዳቀላል፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ንጹሕ ከትስሮት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በ1937 ግሪንባክ ከምድር ላይ ጠፍቷል ተባለ።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን ተስፋ ታየ። በቦልደር አቅራቢያ ባለችው ኮሞ ክሪክና በሌሎች ትንንሽ ጅረቶች ውስጥ ግሪንባክ የሚመስሉ ዓሦች ተገኙ። ደስታው ትልቅ ነበር። ዓሦቹ ተራብተው ወደ ብዙ ጅረቶችና ሐይቆች ተወሰዱ። በ1978 የፌዴራል መንግሥት ዓሣውን ከመጥፋት ጫፍ ላይ ካሉት ዝርዝር ወደ ቀለል ያለ የአደጋ ደረጃ አዛወረው። በ1994 የስቴቱ መለያ ሲሆንም ሰው ሁሉ "ተርፏል" ብሎ ነበር።

በ2012 በቦልደር የሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በጄሲካ ሜትካፍ መሪነት፣ ነገሩን እስከ ሥሩ መረመሩት። ያደረጉት እንዲህ ነው። ከ1857 እስከ 1889 ባለው ጊዜ፣ ዓሣ ከቦታ ቦታ መዘዋወር ሳይበዛ በፊት፣ ከኮሎራዶና ከአካባቢው ወንዞች የተያዙ ዓሦች በሙዚየሞች ውስጥ በአልኮል ተዘፍዝፈው ተቀምጠው ነበር። ከእነዚያ አሮጌ ዓሦች ዲ.ኤን.ኤ. አውጥተው ዛሬ በሕይወት ካሉት ጋር አነጻጸሩት። የእያንዳንዱ አሮጌ ዓሣ መያዣ ቦታ ተጽፎ ስለነበር የየትኛው ወንዝ ልጅ እንደሆነ ይታወቃል።

ውጤቱ ሰውን አስደነገጠ። ለብዙ ዓመታት ግሪንባክ ተብለው ሲራቡና ሲጠበቁ የነበሩት ዓሦች ግሪንባክ አልነበሩም። ከሳውዝ ፕላት አሮጌ ዓሦች ጋር የሚመሳሰል ንጹሕ ዘር የተገኘው በአንድ ጅረት ውስጥ ብቻ ነበር። ያውም 4 ማይል በምትሆን ቁራጭ ላይ፤ የዓሦቹም ብዛት 750 ገደማ ተብሎ ተገመተ። የአንድ ስቴት መለያ የሆነ ዓሣ በሙሉ ያለው እዚያች ጅረት ውስጥ ብቻ ነው ማለት ነው።

ከቤቱ ርቆ የተረፈው

ጅረቷ ቤር ክሪክ ትባላለች። በሞሪሰንና በሌክዉድ በኩል የሚያልፈውን ቤር ክሪክ የምታውቁ፣ እሱ አይደለም፤ ስማቸው ሞክሼ ነው። ይህችኛዋ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ አጠገብ፣ ከፓይክስ ፒክ ተራራ ሥር ነው የምትወርደው። የሚገርመው ደግሞ ይህች ጅረት የሳውዝ ፕላት ገባር አይደለችም፤ የምትፈሰው ወደ አርካንሳስ ወንዝ ነው። ዓሣው እዚያ ተወላጅ አይደለም።

ታዲያ እንዴት ደረሰ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ጆሴፍ ጆንስ የሚባል ሰው በዚያ በኩል ሆቴል ነበረው። ወደ ፓይክስ ፒክ የሚወጡ መንገደኞችን ለመሳብ ብሎ ከሌላ ቦታ ዓሣ አምጥቶ ጅረቷ ውስጥ ለቀቀ። ቦታው እስከ ዛሬ ጆንስ ፓርክ ይባላል። ሰውየው ዝርያ ላድን ብሎ አልነበረም፤ የሆቴል ሥራውን ነው የሠራው። ግን በትውልድ ወንዙ ውስጥ ያለው ዓሣ ሁሉ ሲያልቅ፣ ከቤቱ ርቆ የተወሰደው ያ ጥቂት ዓሣ በሰው አገር ዘሩን ይዞ ቆየ። ስደት የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ቶሎ ይገባዋል።

አሁን ያለው አደጋም ከዚህ ይመነጫል። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ከላይ ደኑ ቢቃጠልና ዝናብ አመዱን ጠርጎ ቢያወርደው፣ ወይም በሽታ ቢገባ፣ አለቀ። ቤር ክሪክ ዳር ያሉት መንገዶችም ደለል ወደ ጅረቷ ያወርዱ ስለነበር የደን አገልግሎቱ መንገዶቹን ከውኃው የማራቅ ሥራ ሠርቷል።

ወደ ቤቱ ሲመለስ

ከ2012 በኋላ ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ከቤር ክሪክ ዓሦች ላይ እንቁላልና የወንድ ዘር እየተወሰደ በሳላይዳ ባለው ማውንት ሻቫኖ እና በሌድቪል ባለው የፌዴራል የዓሣ ማራቢያ ተራባ። በ2014 የመጀመሪያዎቹ ከፎርት ኮሊንስ በስተምዕራብ ባለው ዚመርማን ሐይቅ ውስጥ ተለቀቁ። ይህ የሳውዝ ፕላት ተፋሰስ ነው፤ ትውልድ አገራቸው።

በ2016 ተራው የኸርማን ገልች ሆነ። ይህ ቦታ ለብዙዎቻችሁ ሩቅ አይደለም። ከዴንቨር በአይ-70 ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ነድታችሁ፣ በኤግዚት 218 ስትወጡ የእግር መንገዱ መነሻ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ያህል ነው፤ ከደብረ ብርሃን ይበልጣል። መጀመሪያ በጅረቱ ውስጥ የነበሩት እንግዳ ትራውቶች እንዲወጡ ተደረገ። ከዚያ የኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ትንንሽ ግሪንባኮችን ውኃ ባለበት ከረጢት አድርገው፣ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ዳገቱን እየወጡ ለቀቋቸው። ይህን በየዓመቱ ደጋገሙት።

ዓሣ ለቅቆ መሄድ ግን ማዳን አይደለም። የሚለቀቁት ራሳቸው ካልተራቡ ሰው ዘላለም ሲሸከም መኖሩ ነው። ስለዚህ የሚጠበቀው ነገር አንድ ነበር፤ ማንም ያልለቀቃት፣ እዚያው ጠጠር ውስጥ የተፈለፈለች ትንሽ ዓሣ። በመስከረም 2022 ኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ ግሪንባክ በኸርማን ገልች በራሱ መራባት መጀመሩን አስታወቀ። ጠፋ ከተባለ ከ85 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የጣናም ነገር እንዲሁ ነው

"ዓሣ ዓሣ ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ" የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከአገራችን አለ። ጣና ሐይቅ ውስጥ ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ የሚሏቸው ዓሦች አሉ። በ1970ዎቹ በሳይንሱ መዝገብ ሁሉም እንደ አንድ ዝርያ ተጠቃልለው ነበር። በ1990ዎቹ ግን ከኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊዮ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ባሕር ዳር ላይ ሆነው የአፋቸውን ቅርጽ፣ የጭንቅላታቸውን አሠራር፣ የሚበሉትንና የሚኖሩበትን ቦታ በዝርዝር አጠኑ። አንድ የተባለው ዓሣ 15 ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ከእነሱ መካከል ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ይህ ለዚያ የዓሣ ወገን ያልተለመደ ነገር ነው።

እነዚህም ዓሦች የሚፈልጉት ንጹሕ ጠጠር ነው። በርካቶቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች እየወጡ እንቁላል ይጥላሉ። ያን ጊዜ በወንዙ መግቢያ መረብ ሲዘረጋባቸው፣ በብርብራ ፍሬ ውኃው ሲመረዝባቸው፣ ወይም ጠጠርና አሸዋው ለግንባታ ሲወሰድባቸው የሚጎዳው መጪው ትውልድ ነው። ሁሉንም "አንድ ዓሣ" ብለን ከጠራናቸው አንዱ ሲያልቅ እንኳ ማለቁን አናውቅም። ግሪንባክም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ለየብቻ ስም ያልተሰጠው ነገር ሲጠፋ የሚፈልገው የለም።

ዓሣ ለማጥመድ ስትወጡ

ከልጆች ጋር ዓሣ ማጥመድ እዚህ አገር ርካሽና ደስ የሚል መዝናኛ ነው። እነዚህን ነገሮች ልብ በሉ፦

በኮሎራዶ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የማጥመድ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ፈቃድ ማውጣት አለበት። በየዓመቱ በሰኔ ወር የመጀመሪያው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ላይ ግን ለሁሉም ሰው ያለ ፈቃድ ማጥመድ ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክሩ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ለእራት የሚሆን ዓሣ የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ከተማችን ሐይቆችና ኩሬዎች ሂዱ። እዚያ የሚለቀቀው ሬይንቦ ለዚሁ ተብሎ የተራባ ነው። ስንት ዓሣ መውሰድ እንደሚፈቀድ በየቦታው ይለያያል፤ ከመሄዳችሁ በፊት የዓመቱን ደንብ ተመልከቱ።

ተራራ ላይ አገጩ ቀይ የሆነ ዓሣ ከያዛችሁ እጃችሁን መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ደረቅ እጅ የዓሣውን ልሙጥ ሽፋን ይልጠዋል፤ እሱ ደግሞ ከበሽታ የሚከላከልለት ቆዳው ነው። ዓሣውን ከውኃው ብዙ ሳታወጡ ቶሎ ፍቱት። ግሪንባክ በሚኖርባቸው ውኃዎች ዓሣውን መልሶ መልቀቅ ግዴታ ነው፤ ጭራሽ ማጥመድ የተከለከለባቸውም አሉ። በየመንገዱ መነሻ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ፤ እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ልጆቹ ያንብቡላችሁ።

ከአንድ ውኃ ወደ ሌላ ውኃ ከመሄዳችሁ በፊት ጫማችሁን ከጭቃ አጽዱና አድርቁ። የትራውትን ልጆች አከርካሪ አጣምሞ ጅራታቸውን እንደሚያሳድድ ቡችላ ክብ እየዞሩ እንዲዋኙ የሚያደርግ ጥገኛ ተሕዋስ አለ። በጫማ ጭቃም ሊጓዝ ይችላል።

በመጨረሻም፣ በሕይወት ያለ ዓሣ በባልዲ ይዛችሁ ሌላ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ። ቤት ውስጥ ያለው የወርቅ ዓሣ አድጎ ጎድጓዳው ጠበበው ብላችሁም ፓርክ ኩሬ ውስጥ አትጣሉት። "ነጻ ላውጣው" የሚል ልጅ ካለ አሳቡ ደግ ነው፤ ግን ከሕግ ውጭ ነው፣ ከላይ እንዳያችሁትም ለግሪንባክ ከማዕድኑ እኩል ጠላት የሆነው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ዓሣ ነው። የቤት ዓሣ የሚሸጡ ሱቆችን ጠይቁ፣ ወይም ለሚፈልግ ጓደኛ ስጡት።

ለልጆች፦ ይህ ዓሣ ማነው?

ወላጆች ያንብቡ፣ ልጆች ይመልሱ።

1. ጎኔ ላይ ሮዝ መቀነት አለኝ። አገጬ ሥር ቀይ የለም። ነጠብጣቤ ጥቃቅን ነው።
2. ሰውነቴ ጠቆር ያለ ነው፤ ነጠብጣቤ ግን ፈካ ያለ ነው። ጀርባዬ ላይ ትል የሄደበት ይመስላል። የክንፌ ጫፍ ነጭ ነው።
3. ወርቃማ ቡናማ ነኝ። ጥቁርም ቀይም ነጠብጣብ አለኝ። አያቶቼ የመጡት ከአውሮፓ ነው።
4. አገጬ ሥር ሁለት ቀይ መስመር አለኝ። ነጠብጣቤ ትልልቅና ክብ ነው፤ ወደ ጅራቴ ይበዛል። የተያዝኩት ኸርማን ገልች ውስጥ ነው።

መልስ፦ 1. ሬይንቦ፣ 2. ብሩክ፣ 3. ብራውን፣ 4. ግሪንባክ ከትስሮት።

አራተኛውን በምን አወቃችሁት? መልኩ ከትስሮት መሆኑን ነገራችሁ። ከትስሮቶቹ መካከል ግሪንባክ መሆኑን የነገራችሁ ግን የተያዘበት ቦታ ነው።